የተልባ ዘይት እስኪደርቅ

ትዕግሥት የለኝም። ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ ይህን መጀመሪያ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ሻይ እስኪፈላ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። የመንገድ መብራት ላይ እግሬ ቆሞ አያውቅም። እህቴ «አንቺ እኮ በስምንት ወርሽ የተወለድሽው መጠበቅ አቅቶሽ ነው» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ በስምንት ወሬ ነው የተወለድኩት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ይሂዳ! እኔ ምን አገባኝ።

እና እንዲህ ያለችውን ሰው እግዜር የት ወስዶ ጣላት? የዘይት ቀለም እስኪደርቅ የሚጠበቅበት ቤት።

ዘመኑ በፈረንጆቹ የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ከእህቴ ጋር አሜሪካ፣ ኦክላንድ አንድ ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። እሷ ሆቴል ትሠራለች፤ እኔ ደግሞ ሳን ሆዜ አሮጊት የመጠበቅ ሥራ አገኘሁ። ኤጀንሲው ደውሎ «ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ምግብ ታበስያለሽ፣ ቤት ታጸጃለሽ፣ መድኃኒታቸውን ታስታውሻቸዋለሽ» አለኝ። ሥዕል የሚባል ነገር አልተነሣም። ጠዋት ባቡር ይዤ መጨረሻው ፍሪሞንት እወርዳለሁ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሳን ሆዜ። ባቡሩ ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ እኔ ከበር እስከ በር እንጎራደዳለሁ። አንድ ሰውዬ «ብትራመጂም እኮ ባቡሩ አይፈጥንም» ቢለኝ፣ ሳምንት ሙሉ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አጠቆርኩበት።

ሴትዮዋ ሆላንዳዊት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ አንድ ልጃቸው ሩቅ ሌላ ስቴት ነው የሚኖረው። በመጀመሪያው ቀን በሩን ከፈቱልኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በአንድ ዓይናቸው ብቻ በጎን አዩኝ። በስመአብ! አልኩ በሆዴ።

ለምን መሰላችሁ? አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። በእሱ ሥራ ውስጥ ደግ ሰው ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነው የሚሳለው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ቅዱሳኑን የሚገርፈው ወታደር ነው። ልጅ ሆኜ አንዲት ሴት በጎን ስስል ቢያየኝ በብሩሹ እንጨት ጣቶቼን መታኝና «ምን አድርጋሽ ነው?» አለኝ። ጀርባውን የሰጠ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሳልም። «ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?» ይል ነበር።

የሴትዮዋ ነገር በኋላ ገባኝ። በሽታው የዓይናቸውን መሀል ነው የበላው። ፊት ለፊት ካዩኝ ፊቴ የሚታያቸው እንደ ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ዳር ዳሩን ግን አሁንም ያያሉ። ስለዚህ ሊያዩኝ ሲፈልጉ ዞር ይላሉ። እኔም «እማማ» እላቸው ጀመር። ትርጉሙን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ደስ አላቸው።

ቤታቸው በስተሰሜን አንድ ክፍል አለው። መሀሉ ላይ የሥዕል ማቆሚያ፣ በላዩም መስኮት የሚያክል ሸራ። ገና ቡናማ ሥዕል ነው፤ አንዲት መንደር፣ ቦይ፣ ሹል የቤተ ክርስቲያን ማማ፣ በቦዩ ዳር ቀጭን መንገድ። ከሦስት እጅ ሁለቱ ሰማይ ነው።

«ይህ ሁሉ ሰማይ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«አገራችን ዝቅ ያለ ነው። ተራራ የለንም፤ ያለን ሰማይ ብቻ ነው።»

«የነፋስ ወፍጮውስ የታለ? የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ያለው?»

«እኛ መንደር ወፍጮ አልነበረም» አሉ ቆጣ ብለው። «ያልነበረ ነገር አልስልም።»

የተወለዱባት መንደር ናት። ሐኪሙ የፈረንጆቹ በጋ ሲያልቅ ዳር ዳሩም እንደሚሄድ ነግሯቸዋል። እና ከዚያ በፊት ይህችን መንደር ጨርሰው ማየት ፈለጉ። ሌላ ምንም አልፈለጉም፤ ምግቤን ሳይቀር የሚበሉት እኔን ላለማስቀየም ነበር።

አንድ ቀን ሳህን እያጠብኩ ሳለሁ ክፍሉን አጮልቄ ባይ የጣሪያውን ቀይ ቀለም ደመና ውስጥ ይቀባሉ። አፌ መቼ ያርፋል! «እንዴ እማማ! ቤቱ እኮ ወደ ሰማይ ዐረገ!» አልኩ። ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። ወዲያው ምላሴን በነከስኩት አልኩ። እሳቸው ግን ብሩሹን ወደ እኔ ዘረጉልኝና «እስቲ አውርጂው» አሉኝ። የአባቴን ነገር ነግሬያቸው ነበርና እጅ እንዳለኝ ያውቃሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕውቀቱ የእሳቸው፣ እጁ የእኔ ሆነ።

አበሳዬም ያኔ ጀመረ። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ሸራው መጀመሪያ ቡናማ ይቀባል። በላዩ ቤቱም ዛፉም ቦዩም በስስ ቀለም፣ ያለ ድምቀት፣ ጥላና ብርሃኑ ብቻ ይወጣል። ይህንን የሚያቀጥነው እኛ አኳራጅ የምንለው የቀለም ማቅጠኛ ነው። ከዚያ ይጠበቃል። ቀጥሎ እውነተኛው ቀለም ዘይት ተጨምሮበት ይመጣል፤ አሁንም ይጠበቃል። በመጨረሻ ዘይቱ የበዛ፣ ማር የመሰለ ስስ ቀለም በላዩ ይሳባል። «ከታች ድሃው፣ ከላይ ሀብታሙ» ይላሉ እማማ። ታችኛው ዘይቱ ስለሚያንስ ቶሎ ይደርቃል፤ ላይኛው ቀስ ይላል። ታችኛው ሳይደርቅ ላይኛውን ከደፉበት ውሎ አድሮ እንደ በጋ ጭቃ ይሰነጣጠቃል።

አባቴ እኮ በሙጫ የታሸ ቀለም ነበር የሚጠቀመው! ጠዋት መልአክ ጀምሮ ከምሳ በፊት ክንፉን ጨርሶ ያሰናብተዋል። ይሄ ግን ሳምንት፣ አሥር ቀን፣ ሦስት ሳምንት! ደግሞ ዘይቱ የምን ይመስላችኋል? የተልባ። በጾም ስንጠጣው የኖርነው ተልባ። እህቴ ማታ ልብሴን አሽትታ «ተልባ ስትወቅጪ ነው የዋልሽው? ምነው ታዲያ ለእኔ አላመጣሽም?» ትለኛለች።

ሰማዩን በአንድ ቀን ነው የቀባነው። ደመናው እርጥብ በእርጥብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ግራጫው ሳይደርቅ ነጩ ይገባበታል፣ ጠርዙ በደረቅ ብሩሽ ላባ እንደሚዳሰስ ቀስ ተብሎ ይዳሰሳል። እማማ ከኋላዬ ቆመው «ከታች ጠቆር አድርጊው፣ ደመና ሆድ አለው» ይሉኛል። እውነትም ሆድ ያለው ደመና ወጣልኝ። ደስ አለኝ ማለት ብቻ አይገልጸውም፤ ባቡሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ ሄድኩ።

ከዚያ መጠበቅ። በአሥረኛው ቀን በጣቴ ነካሁት፣ ይጣበቃል። በአሥራ አንደኛው ነካሁት፣ ይጣበቃል። እማማ ደግሞ በዚያው ሳምንት የሻይ ስኒያቸውን ለማግኘት ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ይዳብሱ ጀመር። እኔ ያንን እያየሁ ቁጭ ልበል? ከምሳ በፊት ጋደም ሲሉ ሸራውን ተሸክሜ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የሳን ሆዜ ፀሐይ አናት ይበሳል። እኛ ቤት በርበሬ የት ነው የሚሰጣው? ፀሐይ ላይ። ብቅልስ? ፀሐይ ላይ። አንሶላ አንጥፌ ሰማዩን ወደ ሰማይ አድርጌ አሰጣሁትና ሾርባዬን ላማስል ገባሁ።

ስመለስ ወይኔ ጉዴ! ወፈር ያለው የደመናው ነጭ ልክ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዷል። ትንኝ ተለጥፏል፣ ከጓሮው የአፕሪኮት ዛፍ የረገፈ ቅጠል ተለጥፏል፣ ትልቁ ደመና መሀል አንዲት ንብ ከነነፍሷ ክንፏን ታርገበግባለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ልደብቀው አስቤም ነበር፤ ምን ልደብቅ? እማማን ቀስቅሼ ነገርኳቸው።

በጣታቸው ጫፍ ዳበሱት። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ንብ ናት።»

ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ደመናው ተፍቆ እንደገና ይሠራል» አሉ። «ስንት ቀን ይፈጃል?» አላሉኝም። እኔ ግን ቆጠርኩት፤ ከቀራቸው በጋ ላይ ሦስት ሳምንት ሰርቄያቸዋለሁ። ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ ከዛፉ ሥር አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ አደብ ገዛሁ ማለት አልችልም፤ እጄን ግን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ደመናው በቢላዋ ተፋቀ፣ እንደገና ተሠራ፣ ደረቀ። ጣሪያዎቹ ገቡ፤ ቀዩን በትንሽ አረንጓዴ አደከምነው፣ «አዲስ ጣሪያ የነበረው ሰው አልነበረም» አሉ። የሩቁ ዛፍ ሰማያዊ ሆነ፣ የቅርቡ ቡናማ። ቦዩ ውስጥ የሰማዩ መልክ ገባ። ስንጠብቅ ስንጠብቅ እማማ እንዳልሰለች ነገር ያሳዩኛል። ግድግዳው ላይ ከአገራቸው ያመጡት አንድ አሮጌ ትንሽ ሥዕል ነበር፤ ሜዳና ሣር ብቻ።

«ሣሩ ውስጥ ውሻው ይታይሻል?» አሉኝ አንድ ቀን።

ጠጋ ብዬ ሳይ እውነትም ከሣሩ ሥር የቡናማ ውሻ ጥላ አለ፣ ጆሮው ሳይቀር።

«ሠዓሊው መጀመሪያ ውሻ ሥሎ ነበር። ጠላውና ሣር ቀባበት። የዘይት ቀለም ግን ሲያረጅ እየሳሳ፣ እያሳለፈ ይሄዳል። እኔ ልጅ ሆኜ ውሻ አልነበረም። አሁን ወጣ።»

«ስንት ዓመት ቆይቶ?»

«እኔ ምን አውቄ? መቶ ሳይሆን አይቀርም።»

መቶ ዓመት! ለውሻ!

የበጋው ወራት ሊያልቅ ሲል የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በቦዩ ዳር መንገድ ላይ አንድ ሰው። በእነሱ አገር ሥዕል ሰዎች መጨረሻ ላይ ነው የሚገቡት፤ የጥፍር ያህል ናቸው። እማማ ያን ቀን ብሩሽ ሳይነሣ አስቀመጡኝና ሰውየው ማን እንደሆነ ነገሩኝ።

ታላቅ እህታቸው ናት። እማማ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ሊመጡ ሲሉ «እናታችንን ለእኔ ጥለሽ ነው የምትሄጂው?» ብላ ተጣላቻቸው። የሄዱ ዕለት ግን ሻንጣቸውን ይዛ እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻቸው። ሻንጣውን አስቀመጠች፣ ዞረች፣ በቦዩ ዳር ወደ ቤት ሄደች። እማማ በአውቶቡሱ መስኮት ቤተ ክርስቲያኑ እስኪጋርዳት ድረስ አዩዋት። ዞር ብላ አላየቻቸውም። በኋላ ለገና ካርድ ይላላኩ ነበር፣ ካርድ ብቻ። ከዚያ ሞተች።

«ሰማያዊ ካፖርት» አሉኝ። «ግራጫ ሻሽ። እጇ ባዶ። ጀርባዋን ሰጥታ።»

እጄን ልርገመው ወይስ አባቴን፣ አላውቅም። ካፖርቱን አደረግኩ፣ ሻሹን አደረግኩ፣ ቀጭን ብሩሽ አንሥቼ ሳላስበው ከሻሹ ሥር ነጣ ያለ ፊት አደረግኩ፤ በላዩም ሁለት ጥቁር ነጥብ። እሷን በጀርባዋ ማቆም አልቻልኩም። ምን አድርጋኝ? ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኗ ታየን ነበር። ወደ ማታ ስለሆነ ሳልነግራቸው ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

በማግሥቱ እህቴ ሳልሰናበታት ስወጣ እንደ ልማዷ ከውስጥ ትነጫነጫለች። ደረጃው ላይ ደርሼ ተመለስኩ። «ምን ረሳሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳትና ሄድኩ።

ስደርስ እማማ በአጉሊ መነጽር ሸራው ላይ በጎን ተደፍተዋል።

«ይህቺ ማን ናት?» አሉ።

«እህትዎ ናታ።»

«እህቴ አልዞረችም!»

እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ብሆን ዝም የምል ሰው አይደለሁም። «እኛ ዘንድ ጀርባ አይሳልም! ክፉ ሰው እንኳ አንድ ዓይን ይሰጠዋል! እንዴት አድርጌ እህትዎን ከሰይጣን አሳንሳለሁ?» አልኩ። «ይህ የአባትሽ ቤተ ክርስቲያን አይደለም!» አሉ። «ያልነበረ ነገር አልስልም ብዬሻለሁ!»

እውነታቸውን ነው፤ ወፍጮ እንኳ ያልሳሉ ሴት ናቸው። አፈርኩ። ጨርቅ አኳራጅ ነክሬ «እሺ፣ ገና እርጥብ ናት፤ አሁን እጠርጋታለሁ፣ ከምሳ በፊት ጀርባዋን እሠራለሁ፣ ዛሬውኑ ያዩታል» አልኩና እጄን ሰደድኩ።

የእጄን አንጓ ያዙኝ። ያ የደከመ እጃቸው እንዴት እንደጠነከረ!

«ሳትጠርጊያት ብትደርቅስ? ስንት ቀን ይፈጅባታል?»

«ነጩ ወፍራም ነው። ሦስት ሳምንት።»

«ከዚያ በላይዋ ጀርባዋን ብትቀቢ፣ ስስ አድርገሽ፣ ዘይቱን አብዝተሽ...» አልጨረሱትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ወደዚያ የሣርና የውሻ ሥዕል አዞሩ።

ያኔ ገባኝ፤ ሲገባኝም ተናደድኩ። «እማማ፣ ሦስት ሳምንት እኮ የለዎትም! ይህን ሁሉ የደከምነው አልቆ እንዲያዩት አይደለም? በገዛ እጅዎ!» ትዕግሥት የሌለኝ እኔ፣ ንቧ፣ የሰረቅኩት ሦስት ሳምንት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። እንባዬ መጣ።

«ስትሄድ አንዴ አይቻታለሁ» አሉ። «ደግሜ ለማየት አልቸኩልም። ተያት ትድረቅ።»

ተውናት። እነዚያን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ። ምጣድ እፈትጋለሁ፣ መስኮት እወለውላለሁ፣ ጓሮ ለጓሮ እዞራለሁ፣ ተመልሼ በጣቴ ጫፍ ፊቷን እነካለሁ። እማማ መጀመሪያ መስኮቱን አጡት። ከዚያ እኔን አጡኝ፤ በጎን ቢያዩም በፊት ቢያዩም ለውጥ አልነበረውም። አንድ ማክሰኞ ፊቷ ጣቴ ላይ አልተጣበቀም። እማማን ክንዳቸውን ይዤ ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ግራጫውን በብዙ ዘይት አቅጥኜ በፊቷ ላይ ሳብኩት። ሁለቱ ነጥቦች ትንሽ ቆይተው ጠፉ። የሻሹን ጫፍ አንገቷ ላይ አሰርኩ።

«ጀርባዋን ሰጠች?» አሉኝ።

«ሰጠች።»

«ደህና። እንደዚያ ነው የሄደችው» አሉና ሻያቸውን በእጃቸው ፈለጉ። ስኒውን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

በኅዳር ልጃቸው መጣና ወደ እሱ ዘንድ ሊወስዳቸው ዕቃቸውን አሰረ። ሥዕሉን በብርድ ልብስ ሲጠቀልል «እሱ የእሷ ነው» አሉ ወደ ድምፄ እየጠቆሙ።

«እማማ፣ እኔ ምን አደርገዋለሁ?»

«ትጠብቂልኛለሽ። ስትዞር ታያታለሽ።»

«እኔ! ሻይ እንኳ እስኪፈላ የማልጠብቀውን!»

«ለዚህ ነው እኮ ለአንቺ የምሰጠው» አሉኝ። «ትዕግሥተኛ ሰው ግድግዳ ላይ ይሰቅላትና ይረሳታል። አንቺ ግን በየቀኑ ታያለሽ።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ፊት ለፊት፣ በሁለቱ ዓይኖቻቸው ተሰናበቱኝ። ልጃቸው መኪናው ውስጥ አስገባቸው። እኔም መኪናው ከመንገዱ እስኪታጠፍ ቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ቀይሬያለሁ፤ እሷም ከእኔ ጋር ቀይራለች። እማማ ካረፉ ቆይተዋል። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት አንዴ አያታለሁ፣ ስመለስ አንዴ። «ኧረ ዙሪ አንቺ ሴትዮ!» ብዬ የጮኽኩባት ቀንም አለ። በቀደም ዕለት ከሻሹ ጠርዝ ላይ የሆነ ነጣ ያለ ነገር ያየሁ መሰለኝ። እህቴን ጠራኋት። መነጽሯን አድርጋ መጣች፣ አየችና «አቧራ ነው አንቺ ቀዥቃዣ» አለችኝ። ለስላሳ ጨርቅ አምጥታ በቀስታ ጠረገችው።

አልለቀቀም።